ስላልደረሰው ክፉ ነገር ማን ይመሰገናል?

በሰው ሥራ መካከል ኹለት ዐይነት መልካም ሥራ አለ። አንደኛው ያልነበረውን ነገር የሚያስገኝ ነው፤ ቤት የሚሠራ፥ መጽሐፍ የሚጽፍ፥ መሬት የሚያርስ ሰው ሥራው በዐይን ይታያል፥ በእጅም ይዳሰሳል። ኹለተኛው ግን የነበረው መልካም ነገር እንዳይጠፋ፥ ያልመጣውም ክፉ ነገር እንዳይመጣ የሚከለክል ነው። ሌሊቱን ነቅቶ ያደረ ዘበኛ፥ ጎተራዋን ከነቀዝ የጠበቀች ባልቴት፥ የሒሳቡን መዝገብ መርምሮ ስሕተቱን አስቀድሞ ያገኘ ጸሐፊ፥ እነዚህ ኹሉ ሲደክሙ ከዋሉ በኋላ የድካማቸው ፍሬ ይኽ ነው ተብሎ የሚታይ ነገር የለም። ሌባ አልገባም፤ እህሉ አልተበላም፤ ገንዘቡ አልጎደለም። ምስክራቸው ያልኾነው ነገር ብቻ ነው፤ ያልኾነ ነገር ደግሞ በአደባባይ ቆሞ ሊመሰክር አይችልም።

ከዚህ የተነሣ አንድ ጥያቄ ይመጣል። ክፉን የከለከለ ሰው በጎን ካስገኘው ሰው ጋራ በዋጋ ይተካከላልን? ወይስ ሥራው ከመልካም ሥራ በታች የሚቈጠር ጥበቃ ብቻ ነው? ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› የሚለው የአባቶች ምሳሌ ጥበቡን ያመሰግናል። ዳሩ ግን እሳቱን ገና በጭላንጭሉ ሳለ በቅጠል መትቶ ያጠፋው ሰው ማን እንደ ነበረ ማንም አይጠይቅም። ቤቱ ከተያያዘ በኋላ ውሃ ተሸክሞ የሮጠው ግን በመንደሩ ኹሉ ስሙ ይነሣል።

እንዲህ ያለውን ጥያቄ በቃል ብቻ ከማመላለስ ይልቅ በአንድ ሰው የሥራ ዘመን ላይ መመርመር ይሻላል። ለዚህም ኔዘርላንድስ፥ በተለምዶም ሆላንድ በምትባለው አገር የተነሣችው የሆኪ ተጫዋች የሚንከ ቦይ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይኾናል፤ የሥራዋ ስፍራ ተከላካይነት ነበረና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሆኪ ማለት ጫፉ በቆለመመ ዱላ ኳስ እየመቱ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። የገናን ጨዋታ ያየ ሰው መልኩን ለማወቅ አይቸገርም፤ ነገር ግን የሆኪ ሥርዐት በጽሑፍ የተወሰነ፥ ሜዳውም በልክ የተሰመረ ነው። የሜዳው ርዝመት 91 ሜትር ከ40፥ ወርዱም 55 ሜትር ነው። በአንድ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ ከእነዚህም አንዱ በረኛ ነው። የግቡ ስፋት 3 ሜትር ከ66፥ ከፍታውም 2 ሜትር ከ14 ነው። በግቡ ፊት ወደ ግማሽ ክብ የሚጠጋ መሥመር ተሰምሯል፤ አጥቂው ኳሱን በዚህ ክብ ውስጥ ኾኖ ካልመታው በቀር ግብ አይቈጠርለትም። ኳሱም 160 ግራም ያኽል የሚመዝን ጠንካራ ነገር ስለ ኾነ ሰውነትን ሲያገኝ ያቈስላል።

በዚህ ጨዋታ የተከላካይ ሥራ አጥቂው ወደ ክቡ እንዳይገባ፥ ከገባም እንዳይመታ፥ ከመታም ኳሱ ግብ እንዳይኾን መከልከል ነው። ሚዛኑም እኩል አይደለም። አጥቂ አሥር ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ቢያገባ ጀግና ይባላል፤ ተከላካይ አሥር ጊዜ አድኖ አንድ ጊዜ ቢስት ጥፋተኛ ይባላል። የአንደኛው ስሕተት ወዲያው ይረሳል፤ የኹለተኛው ስሕተት ግን በቍጥር ተጽፎ ይቀመጣል።

ከሥራው ኹሉ የሚከብደው የቅጣት ማዕዘን ምት የተባለው ነው። ይኽ ቅጣት ብዙውን ጊዜ የሚፈረደው ተከላካዮች በክቡ ውስጥ ጥፋት ባደረጉ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ በረኛዋን ጨምሮ ከአምስት የማይበልጡ ተከላካዮች ከግባቸው መሥመር በስተኋላ ይቆማሉ፤ የቀሩት ባልደረቦቻቸው ግን ከሜዳው እኩሌታ ወዲያ እንዲርቁ ይደረጋል። ከአጥቂዎቹ አንደኛዪቱ ኳሱን ከግቡ ጎን ወደ ክቡ ውጭ ትገፋለች፤ ኹለተኛዪቱ ትቀበላለች፤ ሦስተኛዪቱ ወደ ክቡ አስገብታ በኀይል ወደ ግቡ ትልከዋለች። ኳሱ በተገፋበት ቅጽበት ከተከላካዮቹ አንዲቱ ዱላዋን ዝቅ አድርጋ ኳሱን ወደምትመታው ሴት በቀጥታ ትሮጣለች። ስትሮጥም ኳሱ ወደ ራሷ ሊመጣ እንደሚችል ታውቃለች። ሰው ከሚመጣበት አደጋ ይሸሻል እንጂ አደጋውን ለመቀበል አይሮጥም፤ የእርሷ ሥርዐት ግን ይኽ ነው። ከተሳካላት ኳሱ የዱላዋን ጫፍ ነክቶ ወደ ጎን ይወጣል። ተመልካቹም ‹‹ምቱ ሳተ›› ይላል እንጂ ‹‹እርሷ አዳነች›› አይልም።

ሚንከ ቦይ በ1977 ዓመት ከአምስተርዳም አጠገብ ባለችው በዛንስታድ ተወለደች። አገሯ ሆላንድ የመከላከልን ነገር ከብዙ አገሮች ይልቅ የምታውቅ ናት፤ ከምድሯ ሩብ ያኽሉ ከባሕር ወለል በታች ሲኾን፥ ሰው የሚኖርበት፥ ከብት የሚሰማራበት፥ ባሕሩ በግድብ ስለ ተከለከለ ብቻ ነው። በዚያ አገር አንድ ገበሬ ጧት ተነሥቶ ማሳውን ደርቆ ሲያገኘው በሌሊት አንድ ትልቅ ሥራ እንደ ተሠራለት አያስብም። በ1953 ዓመት ግን በብርዱ ወራት በአንድ ሌሊት ዐውሎ ነፋስ ባሕሩን አንሥቶ በደቡብ ምዕራብ ያሉትን ግድቦች ሰበረ፤ 1,836 ሰዎችም ሞቱ። ዮሐን ፋን ፌን የተባለው የመንግሥት መሐንዲስ ግድቦቹ ዝቅተኞች መኾናቸውን ከዚያ አስቀድሞ ደጋግሞ አስጠንቅቆ ነበር፤ ቃሉ የተሰማው ግን ውሃው ከገባ በኋላ ነው። ከዚህ በኋላ አገሪቱ የባሕር መከላከያዎችን መሥራት ዠመረች፤ የመጨረሻውም ትልቅ መዝጊያ ያለቀው በ1997 ዓመት ነው። እንግዲህ የግድብ ዋጋ የሚታወቀው በቆመበት ዘመን ሳይኾን በፈረሰበት ሌሊት ነው ማለት ነው። የተከላካይም ነገር እንዲሁ ነው።

ቦይ በዴን ቦስ ከተማ ክለብ ተሰልፋ ተጫውታለች፤ ይኽም ክለብ በዚያ ዘመን በሆላንድ የሴቶች ሆኪ የበላይነትን ይዞ የነበረ ነው። ለአገሯም ቡድን ተመርጣ በ2000 ዓመት ወደ ሲድኒ ኦሊምፒክ ሄደች፤ ቡድኑም ሦስተኛ ኾኖ የነሐስ ሜዳይ አገኘ። በ2002 ዓመት በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሆላንድና አርጀንቲና አንድ ለአንድ ከወጡ በኋላ ነገሩ በቅጣት ምት ተቈርጦ ዋንጫው ለአርጀንቲና ኾነ። እንዲህ ባለው ምት በረኛና መቺ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ ቀኑን ሙሉ ግቡን ሲጠብቁ የዋሉት ተከላካዮች ግን ሊከላከሉ አይፈቀድላቸውም፥ ዳር ቆመው ያያሉ።

በ2004 ዓመት በአቴና ኦሊምፒክ የሆላንድ ቡድን እስከ ፍጻሜው ደረሰ፤ በዚያም በጀርመን ኹለት ለአንድ ተሸንፎ የብር ሜዳይ ይዞ ተመለሰ። የዚያ ቀን ጨዋታ ሲነገር ኹለት ኳሶች እንደ ገቡ ይነገራል፤ ስንት ኳሶች እንደ ተመለሱ ግን ከሜዳሊያው ጋራ የተጻፈ ነገር የለም። ፍርዱ የተጓደለ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው። ተከላካይን የሚመዝኑት በሠራው ሥራ ሳይኾን ካቃተው በተረፈው ነው። እንዲህ ያለ ሚዛን በቤትም በመሥሪያ ቤትም ይገኛል፤ ዘጠና ዘጠኝ ሌሊት የነቃ ዘበኛ ስሙ የሚጠራው በመቶኛው ሌሊት ባንቀላፋ ጊዜ ነው።

ይኹን እንጂ እንዲህ ባለው ሚዛን እየተመዘነች ከስፍራዋ ያልተነሣች ሰው የምታስተምረው ነገር አለ። ከአቴና በኋላ ቦይ ጨዋታውን አልተወችም። በ2006 ዓመት በማድሪድ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ሆላንድ አውስትራሊያን ሦስት ለአንድ አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የሆኪ ፌዴሬሽን ሚንከ ቦይን የዓለም ምርጥ ተጫዋች ብሎ ሰየማት። የዚህን ሹመት ትርጕም ለማወቅ ከእርሷ በፊትና ከእርሷ በኋላ የተሰየመችውን ማየት ያስፈልጋል። በ2004 እና በ2005 ዓመት፥ ከዚያም ከ2007 እስከ 2010 ዓመት ድረስ በየዓመቱ ይኽን ክብር የወሰደችው የአርጀንቲናዋ ሉሲያና አይማር ናት። አይማር ኳሱን በዱላዋ እየነዳች በብዙ ሰዎች መካከል የምታልፍ፥ ተመልካችንም ከመቀመጫው የምታስነሣ ድንቅ ተጫዋች ነበረች። እንዲህ ያለው ጥበብ ምስክር አይሻም፤ ያየው ኹሉ ይመሰክርለታል። በዚህ ኹሉ ምስጋና መካከል የ2006 ዓመት ክብር የሌሎችን ጥበብ በመከልከል ለኖረች ሴት ተሰጠ። ስለዚህ ያልኾነው ነገር ፈጽሞ አይታይም ማለት ትክክል አይደለም። የሚያይ ዐይን ላለው ይታያል፤ ነገር ግን ዐይኑ መማር አለበት።

ከኹለት ዓመት በኋላ በ2008 ዓመት በቤጂንግ ኦሊምፒክ የሆላንድ ሴቶች በፍጻሜው ከቻይና ጋራ ተገናኙ። እኩሌታው ጨዋታ ያለ ግብ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ናኦሚ ፋን አስና ማርትየ ጎደሪ አንዳንድ ግብ አገቡ፤ ሆላንድም ኹለት ለባዶ አሸንፋ የወርቁን ሜዳይ ወሰደች። በዚህ ውጤት ላይ ኹለት ቍጥሮች አሉ። ‹‹ኹለት›› የሚለውን ማን እንደ ሠራው ይታወቃል፥ ስማቸውም ተጽፏል። ‹‹ባዶ›› የሚለውን ማን ሠራው? ባዶ ማለት ምንም ማለት ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ነገሩን አልተረዳም። በራሷ አገር፥ በራሷ ሕዝብ ፊት የምትጫወት ቡድን በፍጻሜው ቀን ግብ ሳታገባ የቀረችው ሳትሻ ቀርታ አይደለም፤ ከልካይ ስላገኘች ነው። ያ ባዶ እንደ ኹለቱ ግቦች በላብ የተሠራ ነው። በመጀመሪያው እኩሌታ ግብ ባልነበረበት ጊዜ ቡድኑን ያቆመው እርሱ ብቻ ነበር፤ ከሠሩትም ሰዎች አንዷ ሚንከ ቦይ ናት።

እዚህ ላይ ግን ብልኅ ሰው ሊቃወም ይችላል። ‹‹ያልደረሰ ክፉ ሊመጣ እንደ ነበረ በምን ይታወቃል? እንዲህ ከኾነ ማንም ሰነፍ እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ በኋላ ምንም ክፉ ያልደረሰው በእኔ ምክንያት ነው ሊል ይችላልና›› ይላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። በመንደር ያልነበረውን ጅብ አባረርሁ ብሎ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ይገኛል፤ ከዚህም የከፋ፥ ጥበቃው እንዲወደድለት ሰውን በሌለ አደጋ የሚያስፈራራ ይገኛል። ስለዚህ ክፉን ከለከልሁ የሚል ኹሉ አይታመንም።

መልሱ በሜዳው ላይ ይገኛል። እውነተኛ ተከላካይ ከሐሰተኛው የሚለየው በሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ፥ የሚከለክለው ነገር በእርግጥ አለ፤ አጥቂዪቱ በዐይን ትታያለች፥ ኳሱም ይመጣል። ኹለተኛ፥ ሲከለክል ራሱ ዋጋ ይከፍላል፤ ወደ ምቱ የምትሮጠው ሴት በሰውነቷ ትከፍላለች፥ ሐሰተኛው ጠባቂ ግን ሌላውን ያስከፍላል። ሦስተኛ፥ የመከልከሉ ፍጻሜ መከልከል ብቻ አይደለም። በሆኪ ጥሩ ተከላካይ ኳሱን ከነጠቀች በኋላ በነሲብ አትወረውረውም፤ አስተውላ ለባልደረባዋ ታቀብላለች፥ የማጥቃቱም ሥራ ከዚያ ይዠምራል። ጥበቃ መልካም የሚኾነው ለመልካም ሥራ ስፍራ ሲያበጅ ነው። ኹሉን ዘግቶ ምንም የማያስወጣ በር በር አይባልም፥ ግድግዳ ነው።

ከዚህም የሚጠልቅ ሌላ ነገር አለ። ክፉን ለመከልከል ክፉ ማድረግ ይገባልን? ብዙ ሰዎች ክፉ ነገር እንዳይመጣ ነው እያሉ ክፉ ሥራ ይሠራሉ፤ ሌባን ለማስፈራት ንጹሑን ይገርፋሉ፥ ሐሰትን ለማጥፋት በሐሰት ይመሰክራሉ። የሆኪ ሥርዐት በዚህ ጕዳይ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ጥብቅ ነው። ሊገባ የነበረውን ኳስ ተከላካይ በጥፋት ከከለከለው ዳኛው የቅጣት ምት ይፈርዳል፤ ኳሱም ከግቡ ስድስት ሜትር ተኩል ያኽል ርቆ ይቀመጥና በረኛዋ ብቻዋን ትጋፈጠዋለች። ይኸውም ማለት በጥፋት የተከለከለ ግብ እንደ ተከለከለ አይቈጠርም፤ ከቀድሞው በባሰ አደጋ ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ የተከላካይ ትልቁ ጥበብ ዱላዋን በጊዜዋ ማሳረፍ ነው፤ ጥቂት ቀድማ ብትሰነዝር አጥቂዪቱ ታልፋታለች፥ ጥቂት ዘግይታ ብትሰነዝር እግር ትመታለች። በንጹሕ እጅ ክፉን መከልከል በጎን ከማድረግ የሚቀል ሥራ አይደለም። አጥቂ የሚሻውን ጊዜ ይመርጣል፤ ተከላካይ ግን ሌላው በመረጠው ጊዜ ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት።

እንግዲህ ለፊተኛው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ክፉን በንጽሕና የከለከለ ሰው በጎን ካስገኘው ሰው አያንስም የሚል ነው። የአንደኛው ሥራ ያለ ኹለተኛው አይቆምም፤ ኹለት ግብ ያለ ባዶው ድል እንዳልኾነ የአቴና ቀን ያስረዳል፤ በዚያ ቀን ሆላንድ አንድ ግብ አግብታ ነበርና። ለኹለቱ የሚሰጠው ምስጋና ግን አይተካከልም፤ ይኽም ጕድለት የሚጎዳው ያልተመሰገነውን ሰው ብቻ አይደለም። በአንድ ከተማ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት የሚታይ ሥራ የሠራ ብቻ የሚሾምና የሚሸለም ከኾነ፥ ብልኆች ኹሉ ወደሚታየው ሥራ ይሸሻሉ። ድልድዩ ሳይሰነጠቅ የሚመረምረው ቀርቶ፥ ከፈረሰ በኋላ በሰልፍ የሚያሠራው ይበዛል። ዮሐን ፋን ፌንን የመሰለው አስጠንቃቂ ነገረኛና ፈሪ ይባላል። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ጕዳት ‹‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ›› ማለት ብቻ ይቀራል። ሕዝብ የጠባቂውን ምስጋና ሲነፍግ የራሱን በር ክፍት ያደርጋል።

ጠባቂው ራሱ ግን ምን ያድርግ? ምስጋናው እስኪመጣ ሥራውን ቢያቆይ፥ ምስጋናው የሚመጣው ከጥፋቱ ጋራ ነው። ቦይ የዓለም ምርጥ የተባለችው በ2006 ዓመት ነው፤ በሲድኒ፥ በአቴና የቆመችበት ስፍራ ግን ያው ነበር፥ ሥራውም ያው ነበር። ስሟ ከመጠራቱ በፊት ያልሠራችው፥ ከተጠራ በኋላ ብቻ የሠራችው ሥራ አልነበረም። ክብሩ ሥራውን አላስገኘውም፤ ሥራው ነው ክብሩን ቆይቶ ያገኘው። ጠባቂ ሰው ለራሱ ሊይዘው የሚገባው ሕግ ይኽ ነው፤ ሌላው ቢያመሰግነው መልካም፥ ባያመሰግነውም የተጠበቀው ነገር በደኅና ማደሩን ራሱ ያውቃል። ሌሎች ሰዎች ሊይዙት የሚገባው ሕግ ግን ሌላ ነው፤ ጠባቂው ምስጋና አለመሻቱ ምስጋናን ለመንፈግ ምክንያት አይኾናቸውም።

ሚንከ ቦይ ከቤጂንግ በኋላ በ31 ዓመት ዕድሜዋ ከአገሯ ቡድን ተሰናበተች፤ ስፍራዋንም ሌሎች ያዙት። በ2012 ዓመት በለንደን ኦሊምፒክ ፍጻሜ የሆላንድ ሴቶች ከአርጀንቲና ጋራ ተጋጠሙ፤ ሉሲያና አይማርም በአርጀንቲና በኩል ነበረች። ውጤቱ እንደ ቤጂንጉ ኹለት ለባዶ ኾነ። ‹‹ኹለት›› የሚለውን ሌሎች ሰዎች ሠሩት፤ ‹‹ባዶ›› የሚለውንም ሌሎች ተከላካዮች ሠሩት። ጥበቃ በአንድ ሰው የማያልቅ ሥራ ስለ ኾነ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ዛሬም በሆላንድ አንድ ሰው ግድቡን እየዞረ ይመለከታል፤ ከግድቡ በታች ያሉትም ሰዎች ያለ ሥጋት ይተኛሉ።